ዝናብና ባርኔጣ ብቻውን መርማሪ አያደርግም

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተር ላይ የምጫወተው የኑዋር መርማሪ አድቬንቸር ጌም እየፈለግሁ ነው፤ ቁም ነገር ያለውን ማለቴ ነው። ሰው የሚጠቁመኝ ሁሉ ወይ ቀልድ ይሆንብኛል ወይ ተኩስ። ጥቁርና ነጭ የሆኑትን ብቻ ለይቼ ብፈልግ የሚረባ ነገር አጣሁ። የድሮዎቹ ጥሩ ነበሩ ይባላል፣ ግን በአሁኑ ዊንዶውስ አይሠሩም ሲሉ ሰማሁ። ላፕቶፔም የቢሮ ሥራ የሚሠራበት ዓይነት ነው፣ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ዘርፉ ሞቷል ማለት ነው ወይስ እኔ ነኝ መፈለግ ያልቻልኩት?»

ምላሽ፦

ዘርፉ፣ ማለትም በመነጋገር፣ በመፈተሽና እንቆቅልሽ በመፍታት ታሪኩን ወደፊት የሚያስኬዱበት አድቬንቸር ጌም፣ አልሞተም። የተሳሳተው አፈላለግዎ ነው፤ በተለይ ቀለሙን መለኪያ ማድረግዎና «ቁም ነገር» የሚለውን ቃል ሳይፈቱ መጠቀምዎ ናቸው መንገዱን ያሳቱዎት።

መጀመሪያ ቀለሙን እንይ። «ኑዋር» በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሃያሲ ኒኖ ፍራንክ በ1946 ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ለደረሱ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች የሰጠው ስም ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የጠቆረው ግን ታሪኩ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ የሆነው በዚያ ዘመን አብዛኛው ፊልም እንዲያ ይቀረጽ ስለነበር ብቻ ነው። ጥሩ የሚባሉት የኑዋር ጌሞች አብዛኞቹ ባለቀለም ናቸው። በቀለም ሲያጣሩ ምርጦቹ ያመልጡዎትና ቀለማቸውን ብቻ ያጠፉት ይቀሩልዎታል።

ኑዋርን ኑዋር የሚያደርገው ሌላ ነው። መርማሪው ራሱ ንጹሕ አይደለም፤ ዕዳ፣ መጠጥ ወይም ሊረሳው ያልቻለ የቆየ ጥፋት ይከተለዋል። ከተማዋ ከላይ እስከ ታች ስለተበላሸች አንድ ገዳይ መያዝ አይጠግናትም። እውነቱም ሲገኝ ያገኘውን ሰው ዋጋ ያስከፍለዋል። በሌላው ወገን ያለው የግድያ እንቆቅልሽ፣ ማለትም በመጨረሻ ሁሉም ሳሎን ተሰብስቦ ጥፋተኛው በጣት የሚጠቆምበት፣ ዓለምን ወደ ሥርዓቷ መልሶ ነው የሚያበቃው። ሁለቱም የጌም መደብሮች ላይ «መርማሪ» በሚል አንድ ምድብ ሥር ተከምረዋል። ልዩነቱን ከያዙ ብዙውን ሳይከፍቱ ማለፍ ይችላሉ።

አሁን ወደ «ቁም ነገር»። ሰዎች በዚህ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠይቃሉ። አንዱ የድባብ ጉዳይ ነው፤ ጌሙ እንዳይቀልድ፣ ሞት ሞት እንዲሆን። ሁለተኛው የሥራ ጉዳይ ነው፤ ጌሙ እኔን መርማሪ እንዲያደርገኝ፣ ማሰቡን ለእኔ እንዲተውልኝ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። በ1999 የወጣው «ዲስክወርልድ ኑዋር» ከላይ እስከ ታች ቀልድ ነው፤ ነገር ግን መርማሪው በማስታወሻ ደብተሩ የጻፈውን ፍንጭ ልክ እንደ ዕቃ አንሥተው ሰው ፊት እንዲያቀርቡ ወይም ከሌላ ፍንጭ ጋር እንዲያገናኙ ስለሚያደርግ፣ ፊታቸውን ካጨፈገጉ ብዙ ጌሞች የበለጠ ያሳስባል። በአንጻሩ «ዘ ዎልፍ አመንግ አስ» (ከ2013 እስከ 2014 በአምስት ክፍል የወጣ) ደም፣ ጭስና ሐዘን ሞልቶታል፣ ታሪኩም ይይዛል፤ ምርመራውን ግን ጌሙ ራሱ ያካሂድልዎታል። እርስዎ የሚመርጡት ጀግናው ምን ያህል ጨካኝ እንደሚሆን ነው። የሰዎቹ ጥቆማ አልጥም ያለዎት ምናልባት አንዱን ጠይቀው ሌላው ስለሚሰጥዎ ነው።

ቀልዱ ለምን እንደበዛ ማወቅም ይጠቅማል። አድቬንቸር ጌም ያደገው ዕቃ በመሰብሰብና ዕቃን ከዕቃ በማጣመር ነው። ተጫዋቹ ያየውን ሁሉ ኪሱ ይከታል፤ ገመዱን ከመንጠቆ፣ መንጠቆውን ከሳሙና ያገናኛል። ይህ ለቀልድ የተፈጠረ ያህል ነው፤ እብደቱ ራሱ ያስቃልና። ሚስቱ የተገደለችበትን ሰው ሊያነጋግር የመጣ መርማሪ ግን ሰውየው እያለቀሰ የሟቿን የአበባ ማስቀመጫ ኪሱ ሲከት ያስቡት። ድባቡ እዚያው ይፈርሳል። ስለዚህ በ1990ዎቹ ኑዋርን የሞከሩ ብዙ ቡድኖች ተመልካቹ ሳይስቅባቸው ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። «ግሪም ፋንዳንጎ» (1998) እንዲያ ነው፤ ቴክስ መርፊ በተባለ መርማሪ ስም የሚጠራው የጌም ተከታታይም እንዲያው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ለእርስዎ ጥያቄ ግን መልስ አይደሉም። ከቴክስ መርፊ አንድ ልዩ ቦታ የምሰጠው ለ1996ቱ «ዘ ፓንዶራ ዳይሬክቲቭ» ነው፤ በምርጫዎ የተነሣ መርማሪው ክፉ ሰው ሆኖ ሊጨርስ ይችላል፣ ያ መጨረሻ ደግሞ ምንም አያስቅም።

ተኩሱም እንደዚሁ ቀላል ምክንያት አለው። መደብሮች ላይ «ኑዋር» የሚለውን መለያ የሚለጥፉት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ቆዳ ኮትና የሌሊት ዝናብ ያለበት ሁሉ ይለጠፍበታል። «ማክስ ፔይን» (2001) ጥሩ ኑዋር ነው፣ ጥሩ ጌምም ነው፤ አድቬንቸር ግን አይደለም። «ኑዋር»ን ብቻውን አይፈልጉ፤ «ፖይንት ኤንድ ክሊክ» (በማውስ እየጠቆሙ የሚጫወቱት) ወይም «ኢንቬስቲጌሽን» (ምርመራ) የሚለውን መለያ ይጨምሩበት።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ጉዳይ የሚከተለው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። መርማሪ ጌም የሚሠራ ሁሉ የሚገጥመው አንድ ሥር የሰደደ ችግር አለ፦ ተጫዋቹ በጭንቅላቱ የደረሰበትን መደምደሚያ ጌሙ እንዴት ያውቃል? «ገዳዩ ማነው?» ብሎ አራት ስም ከደረደረ፣ አንድም ነገር ያላሰበ ሰው እየገመተ ያልፋል። ጨርሶ ካልጠየቀ ደግሞ ተጫዋቹ ቢያስብ ባያስብ ለውጥ የለውም፤ ታሪኩ እንደ ባቡር ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል። ጥሩውን ከመካከለኛው የሚለየው ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ነው።

ኢንፎኮም የተባለው ኩባንያ በ1982 ያወጣው «ዴድላይን» ሥዕል የሌለው፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ የሆነ ጌም ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ይሰጥዎታል፤ ሰዎቹ እርስዎ ቢኖሩም ባይኖሩም በየፊናቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ያመኑበትን ሰው ሲያስሩ ውጤቱን የሚወስነው የሰበሰቡት ማስረጃ ነው። ሁሉንም ጽሑፍ ዲስኩ ሊይዝ ስላልቻለ የምስክሮች ቃልና የላብራቶሪ ውጤት በወረቀት ታትሞ በሳጥኑ ውስጥ ይመጣ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ያወጡት «ዘ ዊትነስ» ይህንኑ አሠራር ወደ 1938 ሎስ አንጀለስ ዳርቻ ወሰደው። ለዛሬ ተጫዋች ሁለቱም ደረቅ ናቸው፣ ግን ጥያቄው ገና ከጅምሩ በትክክል ተነሥቶ እንደነበር ያሳያሉ።

«ኤል ኤ ኑዋር» (2011) ፊት ማንበብን መፍትሔ አደረገ። የተዋናዮቹ ፊት በ32 ካሜራ ተቀርጾ ተጠርጣሪው ሲዋሽ ዓይኑ ሲሸሽ ያያሉ፤ ከዚያ «እውነት»፣ «እጠራጠራለሁ» ወይም «ውሸት» የሚል ይመርጣሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ መሃሉ ላይ ያለው ምርጫ ነው፤ እርስዎ በልብዎ ጥቂት ተጠራጥረው ሲጫኑት ጀግናው ጠረጴዛ ደብድቦ በመበለቲቱ ላይ ይጮኻል። ብዙ ቢሳሳቱም ጉዳዩ ወደፊት ይሄድና መጨረሻ ላይ ኮከብ ተቆጥሮ ይሰጥዎታል። በዚያ ላይ መኪና መንዳትና መተኮስ አለበት፤ ለላፕቶፕዎም ይከብደዋል። ዝናው ትልቅ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠቆምልዎ እሱ ይሆናል። እኔ ለእርስዎ አልመክረውም።

በሌላው ጫፍ «ሄር ስቶሪ» (2015) አለ። አንዲት ሴት በ1994 ለፖሊስ የሰጠችው ቃል በአጫጭር ቪዲዮ ተቆራርጦ በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። እርስዎ ቃል እየጻፉ ይፈልጋሉ፤ ምንም ያህል ውጤት ቢኖር የመጀመሪያዎቹን አምስት ብቻ ያሳይዎታል። ስለዚህ ወደ እውነቱ የሚያደርስዎ በትክክል የተመረጠ ቃል ነው፣ ያን ቃል ለማግኘት ደግሞ ማሰብ ግድ ነው። ጌሙ «ገዳዩ ማነው» ብሎ ፈጽሞ አይጠይቅዎትም፣ ግን አስበው ካልሆነ የትም አይደርሱም። ለችግሩ ከተገኙት መፍትሔዎች ሁሉ ንጹሑ ይህ ይመስለኛል። «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» (2018) ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው፤ የስድሳ ሰዎችን ዕጣ እንዲለዩ ያደርግና የሚያረጋግጥልዎ ሦስት ሦስቱን ትክክል ሲያደርጉ ብቻ ነው፣ መገመት አያዋጣም። ኑዋር ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

እንግዲህ ማንኛውንም ጌም ከመግዛትዎ በፊት የሚጠይቁት፦ መሳሳት እችላለሁ ወይ? ስሳሳትስ ጌሙ ምን ያደርጋል? ሲሳሳቱ «እንደገና ሞክር» ብሎ ወደኋላ የሚመልስዎ ከሆነ እንቆቅልሽ ነው። ስሕተትዎን ይዞ የሚቀጥል፣ ንጹሕ ሰው አስረው ቤትዎ እንዲገቡ የሚፈቅድ ከሆነ ግን ኑዋር ነው።

ስለ ድሮዎቹ የሰሙት ግማሽ እውነት ነው። ከሲዲ ሲጭኗቸው የሚያስቸግሩባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጡ ብዙ ጌሞች ራሳቸው 32 ቢት ቢሆኑም የመጫኛ ፕሮግራማቸው 16 ቢት ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራምን ጨርሶ አያስነሣም። ከዚያ የቀደሙት ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ሥርዓት፣ ለዶስ፣ የተሠሩ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ፍጥነታቸውን በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ስለሚለኩ ዛሬ ሲከፈቱ ይከንፋሉ። ለሁሉም መፍትሔ ተገኝቷል። ዶስቦክስ የዶስን ኮምፒውተር አስመስሎ በውስጡ ያጫውታል። ስካምቪኤም ደግሞ የጌሙን ፕሮግራም ወደ ጎን ትቶ ሥዕሉን፣ ድምፁንና ጽሑፉን የያዙትን ፋይሎች ብቻ እያነበበ እንደ አዲስ ያስኬደዋል። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። እንደ ጎግ ያሉ መደብሮች የሚሸጡት አሮጌ ጌም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ እርስዎ የሚያደርጉት መጫንና መክፈት ብቻ ነው። «የተረሱ ጌሞች» በነጻ እናቀርባለን የሚሉትን ድረ ገጾች ግን ይተዉዋቸው፤ የባለቤትነት መብቱ የተረሳው በእነሱ ብቻ ነው፣ ከፋይሉ ጋር ምን አብሮ እንደሚገባም እርስዎ አያውቁም።

ላፕቶፕዎም ያሰቡትን ያህል እንቅፋት አይደለም። አድቬንቸር ጌም የሚያስፈልገው ጥሩ ስክሪን፣ ማውስና ጆሮ ማዳመጫ ነው። «አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ» በተባለው መሣሪያ የተሠሩት፣ ለምሳሌ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው «ጀሚናይ ሩ» እና «ላምፕላይት ሲቲ»፣ አሥር ዓመት ባለፈው ማሽንም ይሠራሉ። (የዚህ መሣሪያ ፈጣሪ ክሪስ ጆንስ ይባላል፤ ቴክስ መርፊን ሆኖ የተወነውም ክሪስ ጆንስ ነው። ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።) በተቃራኒው በ2024 የወጣው «ኖባዲ ዎንትስ ቱ ዳይ» ማየት ለሚወድ ዓይን ድግስ ነው፤ የእርስዎ ማሽን ግን አይችለውም። አይቆጩ፣ ምርመራው ላይ እጅዎን ይዞ ነው የሚወስድዎት። «ሻዶውስ ኦፍ ዳውት» ቢያስቆጭዎት ግን እውነትዎን ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በሚፈጥራት ከተማ ውስጥ ማንም ያልጻፈውን ግድያ በእውነት ይመረምሩበታል። ከባድ ማሽን ይፈልጋል፣ የተጻፈ ታሪክም የለውም፤ አድቬንቸርም አልለውም። ኮምፒውተር ሲቀይሩ ያስታውሱት።

ወደ ምክሬ ልምጣ። ከ1997ቱ «ብሌድ ራነር» ይጀምሩ። ዌስትዉድ ስቱዲዮስ ያወጣው ኦሪጅናሉን ማለቴ ነው።

ጌሙ ተመሳሳይ ስም ካለው ፊልም ጎን ለጎን የሚሄድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ፊልሙን ማየት ግዴታ አይደለም። ሬይ መኮይ የተባለ ጀማሪ ፖሊስ በ2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሰው የማይለዩ ሰው ሠራሽ ፍጡራንን ያድናል። የመጀመሪያው ጉዳይ የእንስሳት መሸጫ ውስጥ የተፈጸመ ጭፍጨፋ ነው፤ እውነተኛ እንስሳ ከምድር ሊጠፋ በደረሰበት ዓለም ይህ ከባድ ወንጀል መሆኑን ሲረዱ የከተማዋን ሕመምም ይረዳሉ። ምርመራው የሚካሄደው ፎቶ እያጎሉ ያልታየ ነገር በማግኘት፣ ፍንጮች በሚመዘገቡበት መሣሪያ ውስጥ የሰዎችን ቃል በማመሳከርና ተጠርጣሪን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሰው መሆን አለመሆኑን በመፈተን ነው። ዕቃ ከዕቃ ማጣመር የለም ማለት ይቻላል። አንዳንድ ፍንጭ ያመልጥዎታል፤ ጌሙ ያን አይነግርዎትም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ሌሎቹን የሚያስከነዳበት ነገር ደግሞ ይህ ነው። አዲስ ጨዋታ በጀመሩ ቁጥር ከተጠርጣሪዎቹ የትኞቹ ሰው፣ የትኞቹ ሰው ሠራሽ እንደሚሆኑ ጌሙ እንደ አዲስ ዕጣ ያወጣል። እኔ ሁለተኛ ዙር ስጫወት የመጀመሪያውን ማስታወሻዬን ይዤ በኩራት ገባሁ፤ ያመንኩት ሰው ፈተናው ላይ ወደቀ። ሽጉጥ ኪስዎ ውስጥ አለ፣ መተኮስ አለመተኮሱ በብዙ ቦታ የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ መጨረሻውም ከአንድ በላይ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው። ተኩስ እንደማይፈልጉ ስለጻፉ አልደብቅዎትም፤ በጥቂት ቦታ ፈጥነው መተኮስ ወይም መሸሽ ይኖርብዎታል። የቅልጥፍና ሥራው ከጠቅላላው ትንሽ ነው።

ሲገዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጌሙ ምንጭ ኮድ (ፕሮግራመሮቹ የጻፉት መነሻ ጽሑፍ) ጠፍቷል፤ የስካምቪኤም በጎ ፈቃደኞች አሠራሩን ከተጠናቀቀው ፕሮግራም ወደኋላ እየፈቱ ለዓመታት ደክመው በ2019 ነው ለሁሉም ያደረሱት። በ2022 «የተሻሻለ እትም» የሚባል ወጣ፤ ተጫዋቾች ሥዕሉ ዝርዝሩን አጥቶ ደብዝዟል፣ ስሕተትም በዝቶበታል ብለው ክፉኛ ነቀፉት፣ በትክክልም ነቀፉት። ስለዚህ የሚገዙት ፓኬጅ ውስጥ በስካምቪኤም የሚሄደው ኦሪጅናል መኖሩን አይተው ይግዙ፣ የሚከፍቱትም እሱኑ ይሁን። የተቆረጡ ትዕይንቶች የተመለሱበት ምርጫ ካጋጠመዎት ለሁለተኛው ዙር ያቆዩት። ሌላም አለ፦ በፍንጭ መሣሪያው ውስጥ የመኮይን አነጋገር የሚወስን ቅንብር ያገኛሉ፤ ትሑት፣ መደበኛ፣ ቁጡ፣ ተለዋዋጭ እያለ ይደረድራል። ወደመጨረሻው፣ እርስዎ ራስዎ ወደሚመርጡበት ያድርጉት። አለዚያ ጥያቄዎቹን መኮይ ራሱ እየመረጠ ይጠይቃል፣ እርስዎ ተመልካች ይሆናሉ።

ከእሱ ቀጥሎ «ላምፕላይት ሲቲ» (2018) ይጫወቱ። ዘመኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አምሳያ ስለሆነ ኒዮን መብራትና ባርኔጣ አይጠብቁ፤ ጨለማው ግን ከማንም አያንስም። ማይልስ ፎርድሃም ባልደረባው በሥራ ላይ ሞቶበት ፖሊስነቱን የተወ የግል መርማሪ ነው፤ የሟቹ ድምፅ ከጭንቅላቱ አልወጣም። አምስት ጉዳዮች አሉ። የተሳሳተ ሰው ሊወነጅሉ ይችላሉ፤ ምስክርን አስቀይመው በር ሊያዘጉ ይችላሉ፤ ጉዳዩ እስከመጨረሻው ሳይፈታ ሊቀር ይችላል። ጌሙ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይወስድዎታል፣ ሰዎቹም ያደረጉትን ያስታውሳሉ። የዕቃ ኪስ የሚባል ነገር የለውም። ከላይ ያልኩት መመዘኛ የተጻፈለት ይመስላል።

«ጀሚናይ ሩ» (2011) የሚመቸው ድባቡን ለሚሹበት ምሽት ነው። ጆሹዋ ኑወርንበርገር ተማሪ ሳለ በዋነኛነት ብቻውን የሠራው ነው። ነፍሰ ገዳይ የነበረ ፖሊስ ዝናብ በማያባራባት ፕላኔት ወንድሙን ይፈልጋል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ትዝታው የተሰረዘ እስረኛ ማን እንደነበር ያጠያይቃል። ሁለቱ ክሮች የሚገናኙበት ቦታ የሚያስደነግጥ ነው። መሳሳት አይችሉበትም፤ ታሪኩ አንድ ነው፣ አጫጭር ተኩስም አለው፣ ክብደቱን ግን ከቅንብር ማቅለል ይቻላል። «ኤ ኬዝ ኦፍ ዲስትረስት» (2018) በሁለትና ሦስት ምሽት የሚያልቅ፣ በ1924 ሳን ፍራንሲስኮ የሚካሄድ፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍና በጥላ መሰል ሥዕል የቀረበበት ነው። ከፖሊስ የወጣች ሴት መርማሪ የሰዎችን ቃል ከማስረጃ ጋር እያጋጨች ውሸታቸውን ታወጣለች። በጣም ደካማ ማሽን ላላቸው ሰዎች ሁሉ እሱን እጠቁማለሁ።

ጥቁርና ነጭ ካልሆነ ልቤ አያርፍም ካሉ «ቺክን ፖሊስ»ን (2020) ይሞክሩ፣ ስሙን አይተው አይሽሹ። የዶሮ ራስ ያላቸው ሁለት ያረጁ ፖሊሶች ታሪክ ነው፤ ቀልድ አለው፣ ግን የጥርጣሬው፣ የትዳሩና የእርጅናው ነገር ፍጹም ቁም ነገር ነው። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተጠርጣሪውን ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያናግረው ከባሕርዩ ያነባሉ፣ ያልሆነ ጥያቄ ሲያበዙ ይዘጋብዎታል።

«ዲስኮ ኢሊዚየም»ን (2019) ለመጨረሻ ያቆየሁት ያነሰ ስለሆነ አይደለም። በጽሑፍ ጥራት እዚህ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ይበልጣል። ሰክሮ ማንነቱን የረሳ ፖሊስ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የተገኘን ሰው ሞት ይመረምራል፤ በጭንቅላቱ ውስጥ ያሉ 24 ችሎታዎች እንደ ሰው ያናግሩታል፣ ይዋሹታልም። ሲወድቁ ታሪኩ በውድቀትዎ በኩል ይቀጥላል። ነገር ግን አድቬንቸር ሳይሆን የሚና ጨዋታ (የጀግናውን ችሎታ በነጥብ የሚያሳድጉበት ዓይነት) ነው፤ ዕጣ ፈንታዎን ዳይስ ይወስነዋል፤ ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ ጽሑፍ አለው፤ ፖለቲካና ፍልስፍና የሚያወራውም በተወሳሰበ እንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያ ምሽት ከፍተው የሰለቹት ብዙዎች ናቸው። በሌሎቹ ካሟሟቁ በኋላ፣ ሳይቸኩሉ አንድ ወር ሰጥተው ያንብቡት። የሚገዙት በ2021 የወጣውን «ፋይናል ከት» ይሁን፤ ንግግሩ በሙሉ በድምፅ ስለሚሰማ ድካሙን ያቀላል። ቅንብሩን ዝቅ ቢያደርጉት ያለ ግራፊክስ ካርድም መሄድ አለበት፣ ግን በራስዎ ማሽን ሳይሞክሩት አይመኑ።

ለመሞከር ደግሞ የመመለሻ ሕጉን ይጠቀሙ። ስቲም የተባለው የጌም መደብር የገዙትን በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወቱ ገንዘብዎን ይመልሳል። ጎግ 30 ቀን ይሰጣል። አድቬንቸር ጌም ይስማማኛል አይስማማኝም የሚለው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል፤ የማይሠራ ከሆነም በአምስት ደቂቃ።

የእነዚህ ጌሞች ይዘት ግድያ፣ ሱስ፣ ራስን ማጥፋትና በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በቅርብ ያሳያል። ልጆች በሚያዩት ስክሪን ላይ አይክፈቷቸው። እርስዎም ራስዎ ከእነዚህ አንዱ በቅርቡ የነካዎት ከሆነ «ላምፕላይት ሲቲ»ንና «ዲስኮ ኢሊዚየም»ን ለሌላ ጊዜ ያቆዩ።

መልስ ፍለጋ ኢንተርኔት የመክፈት ልማድ ካለዎትም መርማሪ ጌም ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይጎዳዎታል፤ ሙሉውን መፍትሔ ሲያነቡ አብሮ የሚጠፋው ጌሙን የገዙበት ምክንያት ነው። ሲቸግርዎት ማስታወሻ ደብተርዎን ከፍተው ማን ምን እንዳለ እንደገና ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ መውጫው እዚያ ውስጥ ነው። አልሆነም ካሉ «ዩኒቨርሳል ሂንት ሲስተም» የሚባለውን ይፈልጉ፤ ለአንድ ጥያቄ ፍንጩን ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ስለሚገልጥ የፈለጉበት ላይ ማቆም ይችላሉ። ለ«ብሌድ ራነር» ግን እሱንም አይክፈቱ። የሌላ ሰው መልስ ለሌላ ሰው ዕጣ የተጻፈ ነው፤ እርስዎ ጋ ያለችው ሴት እነሱ ጋ የነበረችዋ ላትሆን ትችላለች።